ከቆጣሪው ወዲህ

ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንድ ክብ መዘውር አለ። በሚዛን አማንም በቴፒም ቧንቧ የገባበት አብዛኛው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሲገዛ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነበር። አሁን ዝገት ለብሶ፣ ግማሽ አካሉ በቀይ አፈር ተቀብሯል። ቤቱ ሲሠራ ቧንቧ ሠራተኛው ከፍቶት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። የቤቱ ሰዎች ቫልቭ እንዳላቸው ያውቃሉ። የሚሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያውቁት ግን ቧንቧው የፈነዳ ሌሊት ነው።

ያን ሌሊት የሚሆነው በየቤቱ ይመሳሰላል። ከተማው ተኝቶ ውሃ የሚቀዳው ሰው ሲቀንስ የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል፤ ያረጀው መጋጠሚያም የሚለቀው ያኔ ነው። አባወራው በባትሪ ብርሃን መዘውሩን ፈልጎ ያገኘዋል። ሊያዞረው ይሞክራል፤ እምቢ ይለዋል። ጉልበት ሲጨምርበት መዞር ይጀምራል፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ውሃው ግን አይቆምም። ውስጥ ያለው ዘንግ ተቆርጦ መዘውሩ ብቻውን እየተሽከረከረ ነው። ጎረቤት ይጠራል፤ የላስቲክና የጨርቅ ቁራጭ ይታሰራል፤ ግቢው እስኪነጋ ጭቃ ይሆናል።

የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ውሃ ያጣ አገር አይደለም። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ እምብዛም አያቋርጥም። ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው የሸካ ደን ከቴፒ ሩቅ አይደለም፤ ከሚዛን አጠገብ ጋቸብ ይወርዳል፤ የአካባቢው ወንዞች ተሰባስበው ወደ ባሮና አኮቦ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ውሃ የታደለ አገር ላይ ሴትና ልጅ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ ማየት ያሳዝናል። የምንጩና የከተማው መስመር ጉዳይ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። የዛሬው ነገር ከዚያ ያነሰና ወደ ቤት የቀረበ ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ቧንቧ ድረስ ያለው ጥቂት ሜትር። ይህ ጥቂት ሜትር የደንበኛው ንብረት ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ሲያረጅ የሚቀይረውም ደንበኛው ነው።

ጊዜውም ይህን እንድናስብ የሚያስገድድ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫ ከተሞች ሆኑ። ከዚያ ቀድሞም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ከተሞች በተማሪና በሠራተኛ ሞልቷቸው ነበር። ተከራይ በዛ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ተሠራ፤ ከሰርቪሱ ጎን ሌላ ሰርቪስ ተቀጠለ። ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የተዘረጋው የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ግን እዚያው አለ። ዛሬ አምስትና ስድስት አባወራ የሚጠጣው በዚያችው ቧንቧ ነው።

እስቲ መጀመሪያ መዘውሩን እንፍታው። ይህ ዕቃ ጌት ቫልቭ ይባላል። መዘውሩ ሲዞር ዘንጉ የናስ ሽብልቅ ወደ ታች ይነዳል፤ ሽብልቁ ወርዶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ውሃው ይቆማል። አሠራሩ ቀላልና ጥሩ ነው። የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አለመነካት ነው። ለዓመታት ክፍት ሆኖ ሲቆይ ዘንጉ ይጣበቃል፤ መቀመጫው ላይ አሸዋና የዝገት ፍቅፋቂ ይከማቻል፤ ሊዘጋ ሲፈለግ ሽብልቁ ቆሻሻው ላይ ያርፍና ውሃ ያሾልካል። ሁለተኛው በግማሽ መከፈት ነው። ብዙ ሰው ግፊቱ እንዲቀንስለት ወይም ለጎረቤት እንዲተርፍ ብሎ ጌት ቫልቩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ጌት ቫልቭ ለዚህ አልተሠራም። በጠባቡ ክፍተት የሚሮጠው ውሃ ሽብልቁን እያንቀጠቀጠ ጠርዙን ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጨርሶ የማይዘጋ ይሆናል።

ያልሞተን ጌት ቫልቭ ማቆየት ይቻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስቀል ሰሞንና በፋሲካ ሰሞን ቢባል ለማስታወስ ይቀላል፣ እስከ መጨረሻው ዘግቶ መልሶ መክፈትና እስከ ዳር ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ዙር መለስ አድርጎ መተው ነው። በዘንጉ ዙሪያ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነም መቀየር አያስፈልገውም፤ ዘንጉን የምታቅፈውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ጥቂት ማጥበቅ፣ ካልሆነም ከሥሯ ያለውን ማሸጊያ ቃጫ ማደስ ይበቃዋል። ያረጀ ሁሉ ይጣል የሚል ቧንቧ ሠራተኛ ለቤቱ ባለቤት ኪስ አያዝንም።

መቀየር ካለበት ግን የሚተካው ቦል ቫልቭ ቢሆን ይሻላል። በውስጡ ቀዳዳ ያላት ኳስ አለች፤ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር ቀዳዳዋ ከውሃው መንገድ ትገጥማለች ወይም ትዞራለች። እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን አቋርጦ ከቆመ ዝግ ነው። ሕፃን ልጅም አይቶ ያውቀዋል፤ በጨለማ በእጅ ዳሰሳም ይታወቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይሻል፤ ቀስ ተብሎ ይዘጋ። የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም በቧንቧው ውስጥ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ያንን ምት የሚቀበሉት የደከሙት መጋጠሚያዎች ናቸው።

ገበያ ላይ ሲገዛም ማስተዋል ያስፈልጋል። ደህና የናስ ቫልቭ እጅ ላይ ከበድ ይላል። ናስ የተቀባ ብረትን ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ነው፤ ናስን ማግኔት አይስበውም፣ ብረትን ይይዘዋል። ከሱቁ ሳይወጡ አሥር ጊዜ ከፍቶ መዝጋትም ነውር የለበትም።

ከቫልቩ ወዲያ ቧንቧው አለ፤ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው።

በአካባቢያችን የቆዩ ቤቶች ውስጥ ያለው ቧንቧ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የቤታችንን ቆርቆሮ የሸፈነውም ይኸው ዚንክ ነው። የሚዛን ሰው ቆርቆሮ በዚህ ዝናብ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ መጀመሪያ በምስማሩ ዙሪያና በመደራረቢያው ላይ እንደሚዝግ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። ቧንቧው ውስጥ የሚሆነው ያው ነው፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ነው። ዚንኩ ተበልቶ እስኪያልቅ ብረቱን ይጠብቃል፤ ካለቀ በኋላ ብረቱ ተራውን ይዝጋል፤ ዝገቱ እንደ ኪንታሮት እያበጠ የውሃውን መንገድ ያጠብባል። ጥበቱ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ይጎዳል። የቧንቧው የውስጥ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ሲቀንስ፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ውሃ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በክሩ ላይ ነው። ምክንያቱን ቁጥር ያሳየዋል። የተለመደው መካከለኛ ግማሽ ኢንች ቧንቧ የግድግዳው ውፍረት 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ክር ሲወጣለት 1.16 ሚሊ ሜትር ያህል ይፋቃል፤ ዚንኩም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ክሩ ሥር የቀረው ግማሽ የሚያህል እርቃን ብረት ነው። በርካሽ የተገዛ ስስ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይቀራል።

ውሃውም የራሱ ድርሻ አለው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያነሳ የሚወርድ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ጥቂት አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ነው። በደን ውስጥ አልፎ የሚመነጭ ውሃም ባመዛኙ ለስላሳ ነው። ማዕድን የሚበዛበት ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ያ ቅርፊት ቧንቧውን ቢያጠብበውም ከዝገት ይጋርደዋል። ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ይህን ጋሻ አይሠራም፤ በቀጥታ ወደ ዚንኩ ይሄዳል። ማንቆርቆሪያው ለዓመታት ፈልቶበት ነጭ ቅርፊት ያልያዘ ቤት የብረት ቧንቧውን በጥርጣሬ ማየት አለበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በብረት ቧንቧ ወደ ቤት ያስገባ ሰውማ ይበልጡን።

የቆየ ቧንቧ ያለበት ቤት ምልክቱን ራሱ ይናገራል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ነው፤ ጥቂት ሲፈስ ይጠራል። ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት አንዱ ይሞታል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ነጭና ቡናማ ቅርፊት ወጥቷል። አንድ ቦታ ተጠግኖ ወር ሳይሞላ ሌላ ቦታ ያፈሳል።

ይህ የመጨረሻው ብዙ እናቶችን አስመርሯል። ቧንቧ ሠራተኛ መፍቻውን ይዞ ሲጠጋ፣ «ልጄ፣ ያንን አትንካብኝ፤ የሚያፈሰው ከነካኸው በኋላ ነው» ይሉታል። እውነት አላቸው። አርጅቶ ያልፈሰሰ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ሸፍኖ የያዘው ዝገቱ ራሱ ነው። አንዱ ሲፈታ ንቅናቄው ወደሚቀጥለው ክር ይደርሳል፤ የሚቀጥለውም ይለቃል። ሠራተኛው «እማማ፣ ይህኛውም መቀየር አለበት» ሲላቸው ገንዘብ ፍለጋ የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ያለው አንድ መስመር አርጅቶ ከሆነ፣ አንድ ክርን ዛሬ አንድ ክርን ነገ እያሉ ከመጠጋገን ሙሉውን በአንድ ቀን መቀየር ይሻላል። በመጨረሻ ሲደመር የሚረክሰውም እሱ ነው።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ውሃ ያባክናል። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ብዙ ሊትር ይሆናል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት በታዳጊ አገሮች በከተማ መስመሮች ላይ በየቀኑ 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚፈስ ገምቶ ነበር። ግን ብክነቱ ከነገሩ ትንሹ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ የሚያስገባም ቧንቧ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ እንጦጦ መለስ ማለት ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃው ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ኮረብታው ሲወጣ ያየ ሰው ተደነቀ። ምስጢሩ የምንጩ ከፍታ ነበር፤ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ካለ መሃል ላይ ቢወርድም መልሶ ይወጣል። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሮቶ የምንለው፣ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው፤ በዚህ ግፊት ዝገት የሞላው ቧንቧ ቢንጠባጠብ እንጂ አይፈስም።

ያው ሕግ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ሚዛን ዳገትና ቁልቁለት ያላት ከተማ ናት። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ሠፈር መስመሩ ሲዘጋ በቧንቧው የቀረው ውሃ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ቤት ቧንቧ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ይስባል። በዚያ ሰዓት በክሩ ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ በዙሪያዋ ያለውን ትጠጣለች። ቧንቧው የተቀበረው በጎርፍ ቦይ ሥር ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ፣ ምን እንደምትጠጣ መናገር አያስፈልግም። በጎርፍ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ የግቢ ቧንቧ በክረምት አላየሁም የሚል የሚዛንም የቴፒም ሰው ጥቂት ነው።

ይህ በሀብታም አገር፣ በትልቅ ሆቴል ውስጥ ሳይቀር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ቺካጎ ከተማ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፍቶ እንግዳው ጎርፎ ነበር። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሆቴሎች ያረፉ ሰዎች ወደየከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ይታመሙ ጀመር። ሕመሙ እኛ በቤታችን ስሙን የምናውቀው አሜባ ነበር። ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 98 ሞቱ። መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት የሆቴሎቹ ያረጀና የተወሳሰበ የቧንቧ ሥራ ነበር፤ የመጠጥ ውሃውና የፍሳሹ መስመር በማይገባ ቦታ ተገናኝተው ነበር። ሆቴሎቹ ውብ ነበሩ። ሕመሙ በግድግዳው ውስጥ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እሱ የቅርብ ነው። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የመጠጥ ውሃዋን ከወንዝ መቅዳት ጀመረች። ውሃው ቧንቧን የሚበላ ነበር፤ ዝገት መከላከያ ግን አልተጨመረበትም። ከአሮጌ ቧንቧዎች የተበላው እርሳስ ወደ ሕፃናት ደም ገባ። እኛ አካባቢ የእርሳስ ቧንቧ የተለመደ አይደለም፤ ርካሽ የናስ መጋጠሚያና ቫልቭ ግን እርሳስ ይይዛል። ሌሊቱን በቧንቧው ውስጥ ያደረውን የጠዋት ውሃ ጀበና ውስጥ አለማስገባት ተገቢ ነው። መድፋት አያስፈልግም፤ ለእጅና ለወለል እጥበት ይሁን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለቡና።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በዚህ አገር የቧንቧ ሥራ ወቅት አለው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት። መሬቱ የሚደርቀው፣ የቡናው ገንዘብም ወደ ቤት የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ ገንዘብ ላይ ለቆርቆሮ የሚቆርጥ ቤት ለቧንቧም ይቁረጥ።

ሥራው በቫልቩ ይጀምራል። አሮጌውን ቫልቭ ለመፍታት ከቆጣሪው በፊት ያለው ውሃ መዘጋት አለበት፤ ይህን የሚሠራው የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው ማዶ ያለውን መንካት ለደንበኛው አይፈቀድም። አዲሱ ቦል ቫልቭ ዩኒየን የሚባለው ተፈቺ መጋጠሚያ ተከትሎት ቢገጠም ለሚቀጥለው ጊዜ መጋዝ ሳያስፈልግ ይፈታል። ቴፍሎን ሲጠቀለል ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ኋላ የተጠቀለለ ሲጠብቅ ይተረተራል። በቃጫ የሚሠራም ይሥራ፤ ቃጫው ላይ ግን የጸረ ዝገት ቀለም አይቀባ፤ የሚያልፈው የሚጠጣ ውሃ ነው። ወደ ሮቶው የሚገባው መስመር ላይ ደግሞ አንድ ቼክ ቫልቭ ይግባ። ይህ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው፤ መስመሩ ሲስብ የቤቱ ውሃ ወደ ኋላ አይሄድም።

በአፈር ውስጥ ለሚሄደው መስመር ጥቁሩ የፖሊኢትሊን ቧንቧ ይመረጣል። አይዝግም፤ ይታጠፋል፤ መጋጠሚያዎቹ በእጅ ስለሚጠብቁ መብራት አያስፈልጋቸውም። ቢያንስ ጉልበት ድረስ ተቆፍሮ ይቀበር፤ የዶማ ጫፍ የማይደርስበት መሆን አለበት። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ይራቅ፤ ከጎርፍ ቦይ ይውጣ። ቆፍሮ መዞር የሚያስፈልግ ከሆነ ይዙር፤ ሁለት ሜትር ቧንቧ መጨመር ከአንድ ልጅ ሕክምና ይረክሳል።

በቤቱ ውስጥ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቷል፤ ይገባዋልም። የሚጋጠመው በሙቀት ነው፤ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ባለ20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ፣ ባለ25ቱ 7 ሰከንድ ይሞቅና ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከልክ በላይ የሞቀ ወደ ውስጥ ቀልጦ መንገዱን ይደፍናል፤ ያልበቃው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ይለቃል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ «ይበቃዋል» ብሎ የተገፋ መጋጠሚያ ትልቁ የልቅሶ ምንጭ ነው። መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ወይም ጄኔሬተር መከራየት። ፒፒአር ፀሐይን አይወድም፤ በውጭ ግድግዳ ላይ ከወጣ መሸፈን አለበት።

ሳይታይ ምንም ነገር አይቀበር። ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው መስመሩ በውሃ ይሞላ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና ይታይ። የቆጣሪው ትንሿ መርፌ ቆማ ከቆየች ሥራው አልቋል። ብዙ ሠራተኛ ወደሚቀጥለው ቤት ስለሚቸኩል አፈሩን ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። የቤቱ ባለቤት «ወንድሜ፣ ሻይ ጠጣና እንየው» ቢለው ሁለቱም ያተርፋሉ።

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። አዲስ ቧንቧ ንጹሕ አይደለም፤ መሬት ላይ ተጎትቷል፣ በእጅ ተነካክቷል። ሮቶው ከታጠበ በኋላ ለ1,000 ሊትር ውሃ 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር በረኪና ይጨመር፤ ሽታው በየቧንቧው እስኪደርስ ይከፈትና ይዘጋ፤ ሌሊቱን ይደር። ያን ሌሊት ማንም እንዳይጠጣው ለተከራዩም ለልጁም ይነገር። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ ይጠጣል።

አገራችን የሕንፃ የቧንቧ ሥራ ደንብ ካወጣች ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ዘጠነኛው ክፍል ስለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚናገር ነበር። ግን ደንቡ የሚነበበው ትልልቅ ሕንፃ ላይ ነው። የአንድ ፎቅ ቤትና ሰርቪስ የሚሠራ ሰው የሚያማክረው ግንበኛውን ነው፤ ግንበኛውም ቧንቧውን ከሥራው ሁሉ የመጨረሻ አድርጎ ያየዋል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቧንቧ ሥራ የተማሩ ወጣቶች በሁለቱም ከተሞች አሉ። ክርና ግፊት ምን እንደሆነ ተምረዋል፤ የጎደላቸው የሚጠራቸው ሰው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ሳይወጣ አንዷን ወይም አንዱን ይጥራ፤ ሰርቪስ የሚቀጥልም ከመቀጠሉ በፊት ቧንቧው ይችል እንደሆነ ይጠይቅ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ ከአጥሩ ሥር ያለውን መዘውር ፈልጉት። አፈሩን ጥረጉና ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ አትታገሉት። ከዞረና ውሃው ከቆመ መልሳችሁ ክፈቱት። እምቢ ካለ ወይም ዞሮ ካልዘጋ፣ መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ሳይጀምር አስቀይሩት።